ከሂትሮው እስከ ሲድኒ፦ 17,000 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሌሊት፣ አንድ አጭር ቀን

ከለንደኑ ሂትሮው እስከ ሲድኒ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በምድር ሉል ላይ የሚለካው አጭሩ መስመር 17,020 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል (አንዱ 1,852 ሜትር ነው) ወደ 9,190 ይጠጋል። ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ርቀቱን በፍጥነቱ ያካፈለ ሰው 19 ሰዓት ያገኛል። በእውነቱ ጉዞው 23 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የቀን መቁጠሪያው ደግሞ ሁለት ቀን ወደፊት ይሄዳል። ይህ ማስታወሻ ከትኬት ግዢው አንስቶ ሰውነት አዲሱን ሰዓት እስኪለምድ ድረስ ያሉትን ቀናት ተራ በተራ ይከተላል፤ ሰዓቱ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ያሳያል።

ለምሳሌ የተወሰደው በዲሴምበር አጋማሽ ከሂትሮው 20:30 ላይ ተነስቶ በሲንጋፖር ቻንጊ አርፎ ሲድኒ የሚገባ በረራ ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ የዚያው ከተማ ሰዓት ሲሆን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጠራል። 20:30 ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ 06:25 ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ25። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሱ በረራዎች ብዙ ሰው ያሳስታሉ፤ በ15ኛው ቀን 00:15 የሚል ትኬት የያዘ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ያለበት በ14ኛው ቀን ምሽት ነው።

ትኬት ሲቆረጥ

በወረቀት ካርታ ላይ ከለንደን ወደ ሲድኒ የሚወስደው አቅጣጫ ደቡብ ምሥራቅ ይመስላል። በሉሉ ላይ ግን አጭሩ መስመር ከሂትሮው የሚወጣው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ እስከ 57ኛው ዲግሪ ሰሜን ድረስ ወጥቶ ነው ወደ ደቡብ የሚያጎነብሰው። በዚህ መስመር ያለ ማረፊያ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጥ አየር መንገድ እስካሁን የለም፤ ስለዚህ ምርጫው የት ይታረፋል የሚለው ነው።

በሲንጋፖር በኩል 10,883 እና 6,292 ኪሎ ሜትር፣ በድምሩ 17,175 ይሆናል። በዱባይ በኩል 5,500 እና 12,040 ገደማ ነው፤ ድምሩ 17,540። በፐርዝ በኩል 14,499 እና 3,284 ሲሆን 17,780 ይጠጋል። ሲንጋፖር ላይ ማረፍ መንገዱን የሚያረዝመው በ155 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በበረራ ሲታሰብ አሥር ደቂቃ። ፐርዝ 760 ኪሎ ሜትር ትጨምራለች፤ ይህም ቢሆን አንድ ሰዓት አይሞላም። የትኬቶችን ርዝመት የሚያራርቀው መሬት ላይ የሚቆየው ጊዜ ነው። አንዱ ትኬት 23 ሰዓት ሌላው 31 ሰዓት ካለ፣ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ መጠበቅ እንጂ ሌላ አይደለም።

ትኬቶችን ለማወዳደር መነሻውንም መድረሻውንም ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ወደ ዩቲሲ መመለስ ያስፈልጋል። በዲሴምበር ለንደን ከዩቲሲ ጋር እኩል ናት፤ ሲድኒ 11 ሰዓት ትቀድማለች። በ20:30 ተነስቶ ከሁለት ቀን በኋላ 06:25 የሚገባው በረራ፣ ሰዓቶቹን ብቻ ለሚያይ ሰው 33 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይመስላል። 11 ሲቀነስለት 22 ሰዓት ከ55 ይቀራል፤ እውነተኛው ርዝመት ይህ ነው።

ያ 11 ግን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ብሪታንያ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ትገፋለች፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትመልሰዋለች። ሲድኒ ተቃራኒውን ታደርጋለች፤ በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ትገፋለች፣ በኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። ስለዚህ በሰሜኑ ክረምት ልዩነቱ 11፣ በሰሜኑ በጋ 9፣ በመካከል ባሉት ጥቂት ቀናትና ሳምንታት ደግሞ 10 ሰዓት ነው። ሲንጋፖር ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 8 ሰዓት ትቀድማለች፤ አትቀያየርም። በማርች ማብቂያና በኦክቶበር የሚጓዝ ሰው የቀጣዩን በረራ ሰዓት ራሱ ከማስላት ይልቅ በትኬቱ ላይ የታተመውን ይመን።

ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት መያዝ ከዋጋው ሁሉ ይበልጣል። በተለያየ ትኬት ከተገዙ፣ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ምንም ግዴታ የለበትም። ሻንጣውም ሲንጋፖር ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ኢሚግሬሽን አልፎ፣ ሻንጣ አንስቶ፣ እንደገና ማስመዝገብ ይመጣል። በአንድ ትኬት ከሆነ የብሪታንያው የመንገደኞች ካሳ ሕግ እስከ መጨረሻው መዳረሻ ይሠራል። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ፣ በአየር መንገዱ ጥፋት ሲድኒ የተደረሰው 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከሆነ ካሳው 520 ፓውንድ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ 260። የአየር ጠባይና የአየር ክልል መዘጋት ካሳ አያስገኙም። ምግብና ማደሪያ ግን በዚያም ጊዜ ይገባል።

ዋዜማው

አውስትራሊያ ከኒውዚላንድ ዜጎች በቀር ሁሉም ጎብኚ ከመነሳቱ በፊት ቪዛ እንዲይዝ ትጠይቃለች። ቪዛው በፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ሳይሆን በኮምፒውተር ከፓስፖርት ቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ መንገደኛው ቪዛ ካወጣ በኋላ ፓስፖርቱን ያሳድሳል፣ አዲሱን ቁጥር ግን አያስመዘግብም። የሂትሮው ሠራተኛ አዲሱን ፓስፖርት ሲያስነብበው ቪዛ አይታየውም፤ የመሳፈሪያ ካርድም አይወጣም። ማስተካከያው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል በዋዜማው ሳይሆን ፓስፖርቱ በታደሰ ዕለት መደረግ አለበት።

ሲንጋፖር ላይ ከትራንዚት ክልሉ ለማይወጣ ሰው የመግቢያ ሥርዓት የለም። ወደ ከተማ መውጣት የሚፈልግ ግን ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የመግቢያ ካርዱን በኢንተርኔት ይሞላል። ካርዱ ነፃ ስለሆነ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ የመንግሥት አይደለም። የአንዳንድ አገሮች ዜጎች በተጨማሪ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል።

መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ በዋናው ማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር። አውስትራሊያ ለራስ የሚሆን የሦስት ወር መጠን ታስገባለች። በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን፣ ወደ ምሥራቅ ሲበረር ቀኑ ስለሚያጥር መጠኑ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ ይወሰን። ፓወር ባንክ በሚመዘገበው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ሲሆን፣ 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚል በ3.7 ቮልት ተባዝቶ 74 ይሆናል። ቁጥሩ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ ይወረሳል።

አንደኛ ቀን፦ ሂትሮው፣ ምሽት

ለ20:30 በረራ 17:30 ላይ ተርሚናሉ ውስጥ መገኘት ተገቢ ነው። በመጀመሪያ ተርሚናሉን ያረጋግጡ። ሂትሮው 2፣ 3፣ 4 እና 5 የሚባሉ ተርሚናሎች አሉት። 2 እና 3 በእግር ይገናኛሉ፤ ወደ 4 እና 5 ግን በባቡር ወይም በአውቶቡስ ነው። በተሳሳተ ተርሚናል የወረደ ሰው ግማሽ ሰዓት ይከስራል።

ሻንጣ ሲመዘገብ የሚታሰረውን ወረቀት ማንበብ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ሦስቱ ፊደላት የሲድኒ መለያ፣ ኤስ-ዋይ-ዲ፣ መሆን አለባቸው። የሲንጋፖር መለያ ኤስ-አይ-ኤን ብቻ ከታተመ ሻንጣው እዚያው ይቀራል፤ ስህተቱን በነፃና በደቂቃ ማረም የሚቻለው ሻንጣው ገና ሚዛኑ ላይ ሳለ ነው። ብሪታንያ ስትወጡ የኢሚግሬሽን መስኮት የለም፤ ሰነድ የሚያየው አየር መንገዱ ነው። ስለዚህ የመሳፈሪያ ካርዱን በስልክ ያወጣ ሰው እንኳ «ሰነድ ይታይ» የሚል መልእክት ካገኘ ጌት ድረስ ሳይቆይ የአየር መንገዱ መመዝገቢያ መስኮት ላይ ይጨርስ።

በትኬቱ ላይ የታተመው 20:30 አውሮፕላኑ ከማቆሚያው የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው፤ ከመሬት የሚነሳበት አይደለም። በሂትሮው ከማቆሚያው እስከ ማኮብኮቢያው መሄድና ተራ መጠበቅ 20 ደቂቃ ያህል ይበላል፣ በተጨናነቀ ምሽት ከዚያም በላይ። የመድረሻው ሰዓትም እንዲሁ አውሮፕላኑ ማቆሚያው ላይ የሚቆምበት ነው። ለሲንጋፖር የተመደበው 13 ሰዓት ከ20 ይህን ሁሉ ይዟል፤ አየር ላይ የሚውለው 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው።

በዚህም ላይ 10,883 ኪሎ ሜትሩ በወረቀት ላይ ያለ ነው። አጭሩ መስመር በዩክሬንና በደቡብ ሩሲያ ላይ ያልፋል። የዩክሬን ሰማይ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ለመንገደኛ በረራ ተዘግቷል፤ ሩሲያም ለብሪታንያ አየር መንገዶች ዘግታለች። በረራዎች ስለዚህ ወደ ደቡብ ዝቅ ብለው በጥቁር ባሕር አካባቢ፣ በጆርጂያና በአዘርባጃን በኩል ካስፒያንን ይሻገራሉ። ያ መተላለፊያ ጠባብ በመሆኑ በአካባቢው ግጭት ሲነሳ መስመሩ እንደገና ይቀየራል፣ የበረራ ሰዓቱም ይረዝማል። አየር መንገዱ «የሥራ ምክንያት» ብሎ አንድ ሰዓት ሲጨምር ብዙ ጊዜ መንስኤው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት

አውሮፕላኑ ሲነሳ ከፍተኛውን ከፍታ አይይዝም። ነዳጁ ከባድ ስለሆነ በ31,000 ወይም በ33,000 ጫማ ይጀምርና ነዳጁ እየተቃጠለ ሲቀል ደረጃ በደረጃ ወደ 39,000 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። በሌሊቱ መካከል የሞተሩ ድምፅ ጥቂት ደቂቃ ጠንከር ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው፤ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

ያለ ማረፊያ መብረር ለምን እንደሚከብድም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በረጅም በረራ የተጫነ ተጨማሪ ነዳጅ በየሰዓቱ ከ3 እስከ 4 በመቶው ራሱን ለመሸከም ይቃጠላል፤ ከ13 ሰዓት በኋላ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው የለም። ስለዚህ ለ20 ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን መንገደኛና ጭነት መቀነስ ይገደዳል። በኦገስት 1989 የአውስትራሊያው አየር መንገድ የካንታስ ቦይንግ 747-400 ከለንደን ሲድኒ ያለ ማረፊያ በ20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገብቷል፤ ይህ የሆነው ከጥቂት ሰዎች በቀር ባዶውን በመብረሩ ነው። በኖቬምበር 2019 ቦይንግ 787-9 በ19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ደግሞታል፣ እርሱም ለሙከራ። ካንታስ ለዚህ መስመር ያዘዘው ኤርባስ ኤ350-1000 ዩኤልአር 20,000 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ የነዳጅ ጋን አለው፣ የሚጭነውም 238 መንገደኛ ብቻ ነው፤ በዚያው ልክ ያላቸው ሌሎች አውሮፕላኖች ከ300 በላይ ይጭናሉ።

ንፋሱ ከለንደን ለሚወጣ ሰው ወዳጅ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ በክረምት ከ300 የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ከኋላ ሲገፋ መቀመጫው ፊት ያለው ስክሪን በሰዓት 1,050 ኪሎ ሜትር ሊያሳይ ይችላል። ይህ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ነው፤ በአየሩ ውስጥ አውሮፕላኑ ያው 900 ገደማ ላይ ነው።

ዘግይቶ የተነሳ አውሮፕላን «አየር ላይ ያካክሳል» የሚለው ተስፋ በዚህ ርቀት ብዙም አይሠራም። ከድምፅ ፍጥነት 0.85 ላይ የሚበር አውሮፕላን ወደ 0.87 ቢያሳድግ በመላው በረራ የሚያተርፈው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ ለዚያም ብዙ ነዳጅ ይከፍላል።

ወደ ምሥራቅ ሲበረር ሌሊቱ ያጥራል። በዲሴምበር አጋማሽ ለንደን ላይ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ መውጣት 16 ሰዓት ነው። በዚህ በረራ ላይ ፀሐይ ከመነሻው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በመካከለኛው እስያ ላይ ትወጣለች፤ በለንደን ሰዓት ገና 03:00 ነው። እራት ከተነሱ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀርባል። እርሱን ጠብቆ፣ ትሪ እስኪነሳ ቆይቶ የሚተኛ ሰው ከጨለማው የሚቀረው አራት ሰዓት ብቻ ነው። ተርሚናል ውስጥ በልቶ አውሮፕላኑ እንደተስተካከለ መተኛት ይሻላል። መስኮቱን ዝግ አድርጎ፣ የዓይን መሸፈኛም ይዞ።

የመቀመጫ ቀበቶው ከብርድ ልብሱ በላይ ይታሰር፤ አስተናጋጆች ለማየት አይቀሰቅሱዎትም። ቀበቶው ለይስሙላ አይደለም። በሜይ 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ አውሮፕላን በማይንማር ላይ በድንገተኛ ከባድ መናወጥ ተመትቶ ባንኮክ ለማረፍ ተገዷል፣ አንድ መንገደኛም ሕይወቱ አልፏል። የተጎዱት በብዛት ቀበቶ ያላሰሩት ነበሩ።

በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ እርጥበት አለው፤ ግፊቱም እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ጋር ይስተካከላል። የዓይን ሌንስ የሚያደርግ ሰው ከመነሳቱ በፊት አውጥቶ መነጽር ያድርግ። ከአራት ሰዓት በላይ መቀመጥ የእግር ደም መርጋትን አደጋ ስለሚጨምር፣ ባልተኙበት ሰዓት ሁሉ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ መነሳትና ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ቀደም ሲል ደም የረጋበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች መንገደኛ ስለ መጭመቂያ ካልሲ ሐኪም ታማክር።

ሁለተኛ ቀን፦ ሲንጋፖር፣ 17:50

በሰዓቱ ከተነሳ አውሮፕላኑ 17:50 ላይ ማቆሚያው ላይ ይቆማል። ለንደን ላይ ከጠዋቱ 9:50 ነው በትኬት ሰዓት፤ ሰውነት ረፋድ ላይ ነው፣ ከተማው ግን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጨልምበታል። የዚህ ጉዞ ብቸኛ ቀን የቆየው ስምንት ሰዓት ነው፣ አብዛኛውም መስኮት ተዘግቶ ያለፈ ነው።

የበረራ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ሁሉም መንገደኛ የእጅ ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል። በመቀመጫ ኪስ የተረሳ ፓስፖርትና ስልክ በጽዳት ሠራተኞች እጅ ይገባልና ከመነሳትዎ በፊት ኪሱን በእጅ ይዳስሱ። ለማረፊያው የተመደበው 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሰፊ ይመስላል፤ ከመውረጃው 15 ደቂቃ ይሄዳል፣ ወደ ጌቱ መመለሻ ጥሪው ከመነሻው አንድ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ይጀምራል። የሚተርፈው 35 ደቂቃ ያህል ነው። ፊት መታጠብ፣ ልብስ መቀየርና ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃዋል፤ ከትራንዚት ክልሉ ውጭ ወዳለው የገበያ ማዕከል፣ ወደ ጁዌል ወጥቶ መመለስ ግን አይበቃውም።

በቻንጊ ተርሚናል 1፣ 2 እና 3 የደህንነት ፍተሻው በየጌቱ በር ላይ ነው። እዚያ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ውኃ ይወሰዳል፤ ከአውሮፕላኑ ይዘው የወረዱት ጠርሙስም ቢሆን። ከለንደን ቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ ሽቶና መጠጥ የሚያልፈው በሻጩ በታሸገው ግልጽ ከረጢት ውስጥ ከነደረሰኙ ሳይከፈት ከቆየ ነው። አንድ ጊዜ ለማየት ብሎ የከፈተ ሰው ያጣዋል።

ይህ ማረፊያ የመዘግየት ቋጠሮም ነው። ነዳጅ ለመሙላት፣ ለማጽዳት፣ ምግብ ለመጫንና የበረራ ቡድኑን ለመቀየር ትልቅ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስፈልገዋል፤ ከ1 ሰዓት ከ50 ውስጥ ሊቆረጥ የሚችለው 20 ደቂቃ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ንፋሱ ገፍቶት ቀድሞ የደረሰ አውሮፕላን ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ እያለ አይነሳም። ምክንያቱ ሲድኒ ነች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ ከ23:00 እስከ 06:00 አውሮፕላን ማረፊያውን ይዘጋል፣ ከ05:00 በኋላ ለተቆጠሩ ዓለም አቀፍ በረራዎች ብቻ ጠበብ ያለ ፈቃድ አለ። ሰማይ ላይ ተሽከርክሮ ነዳጅ ከማቃጠል መሬት ላይ መጠበቅ ይረክሳል።

ሁለተኛው ሌሊት

19:40 ላይ ተነስቶ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። መስመሩ ከባሊ አጠገብ አልፎ በደርቢ አካባቢ ወደ አውስትራሊያ ምድር ይገባል፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ አቅራቢያም ያልፋል። በስክሪኑ ላይ የአውስትራሊያ ዳርቻ ሲታይ ብዙ ሰው ደረስን ብሎ ጫማውን ያደርጋል። ከዚያ ዳርቻ እስከ ሲድኒ ግን ገና 3,300 ኪሎ ሜትር አለ፤ ከዚህ በረራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ አገር ላይ ነው።

በዲሴምበር በጃቫ ባሕር ላይ የነጎድጓድ ደመና ይበዛል፣ አብራሪዎችም በዙሪያው ይዞራሉ። ከተነሱ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሁለት ሰዓት መናወጥ የሚበዛበት ሲሆን በረሃው ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል።

እንቅልፉ እዚህ ላይ አስቸጋሪ ነው። በለንደን ሰዓት 11:40 እስከ 19:25 መካከል ነው፤ ሰውነት ቀን ላይ ነው ያለው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ከተገኘ በቂ ነው። ቡና ከሲንጋፖር በኋላ ይቅር።

ከማረፍ በፊት የመግቢያ ካርድ ይሰጣል። ምግብ፣ ዘር፣ የእንጨት ዕቃ፣ ቆዳ፣ አፈር የነካው ጫማ፣ ሁሉም በካርዱ ላይ ይጠየቃል። ጥርጣሬ ካለ «አዎ» ላይ ምልክት ያድርጉ። ያስታወቀ ሰው ቢበዛ ዕቃውን ያጣል። ያላስታወቀ ሰው በቦታው ይቀጣል፣ ቪዛውም ሊሰረዝ ይችላል። በአውሮፕላኑ ላይ የተሰጠ ፖም እንኳ ኪስ ውስጥ ከተገኘ ይቆጠራል። 10,000 የአውስትራሊያ ዶላርና ከዚያ በላይ በጥሬ ገንዘብ የያዘም ያስታውቃል።

ሦስተኛ ቀን፦ ሲድኒ፣ 06:25

ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሩብ ሰዓት አልፏታል። ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው የጠዋት ጊዜ ከእስያና ከአሜሪካ የሚመጡ ትላልቅ አውሮፕላኖች አንድ ላይ ስለሚደርሱ ወረፋው ረጅም ነው (ይህ በትኬት ሰዓት ነው)። ከአውሮፕላን በር እስከ መውጫ አንድ ሰዓት ይመድቡ፣ የሚፈተሽ ምግብ ካለ አንድ ሰዓት ተኩል።

ወደ ሌላ የአውስትራሊያ ከተማ የሚቀጥል ሰው፣ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ቢታሰርም፣ ሲድኒ ላይ አንስቶ በጉምሩክና በዕፅዋትና እንስሳት ቁጥጥር ያልፋል። ከዚያ እንደገና ያስረክባል። የአገር ውስጥ ተርሚናሎች 2 እና 3 ከማኮብኮቢያው ማዶ ስለሆኑ በእግር አይኬድባቸውም። ከሁለት ሰዓት ያነሰ መገናኛ አይያዝ። ወደ መሃል ከተማ ባቡሩ ከተርሚናሉ ሥር ይነሳል፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሴንትራል ያደርሳል፣ ዋጋው ግን የጣቢያ መጠቀሚያ ስለሚጨመርበት ከርቀቱ ጋር አይመጣጠንም።

አሁን ሰውነት በለንደን ሰዓት 19:25 ላይ ነው። 07:00 ላይ መነሳት የለመደ ሰው የውስጥ ሰዓቱ ዝቅተኛው ነጥብ፣ ማለትም የሰውነት ሙቀት ከሁሉ የሚወርድበት ጊዜ፣ 04:30 አካባቢ ነው፤ በሲድኒ ሰዓት 15:30። ይህ ቁጥር የሚቀጥሉትን ቀናት ይወስናል። ከዚያ ነጥብ በፊት የሚታይ ብርሃን የውስጥ ሰዓቱን ወደኋላ ያዘገየዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚታይ ብርሃን ወደፊት ይገፋዋል። በ11 ሰዓት ልዩነት በሁለቱም በኩል መድረስ ይቻላል፤ ወደፊት 11 ሰዓት፣ ወይም ወደኋላ 13 ሰዓት። የሰው አካል ወደፊት በቀን አንድ ሰዓት፣ ወደኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚሄድ፣ ርዝመቱ 13 ቢሆንም ማዘግየቱ በዘጠኝ ቀን ያልቃል፤ መግፋቱ አሥራ አንድ ይፈልጋል።

ስለዚህ በዲሴምበር የደረሰ ሰው ጠዋቱን ውጭ ያሳልፍ፣ ከ15:00 በኋላ ግን ጥላ ይፈልግ ወይም ጥቁር መነጽር ያድርግ። ብዙዎች ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ጠዋት ሆቴል ገብተው ይተኙና ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ይወጣሉ። ቀኑን ሁሉ ፀሐይ ላይ መዋልም አይበጅም። ሁለቱ ግፊቶች እርስ በርስ እየተጠፋፉ ሰዓቱ ባለበት ይቆማል፤ አምስት ቀን ሙሉ «አልለመድኩም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው።

ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ቀን

ዝቅተኛው ነጥብ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘገያል፤ በአራተኛው ቀን 17:00፣ በአምስተኛው 18:30፣ በስድስተኛው 20:00 ይደርሳል። በዚያ ወቅት ሲድኒ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 20:00 አካባቢ ስለሆነ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ጥንቃቄው ይቀራል። እስከዚያ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚጥል እንቅልፍ ይመጣል። ሃያ ደቂቃ ይተኙ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። መኪና መንዳት፣ በተለይ ከ14:00 እስከ 18:00፣ ለእነዚህ ቀናት ይዘግይ። ፈተና ያለበት ወይም ውል የሚፈራረም ሰው ቀጠሮውን ጠዋት ላይ ይያዝ፤ ሰውነቱ ምሽት ላይ ስለሆነ ገና ንቁ ነው።

በጁን የሚጓዝ ሰው ግን ስሌቱ ይገለበጥበታል። ልዩነቱ 9 ሰዓት ስለሆነ ዝቅተኛው ነጥብ 13:30 ላይ ይወድቃል። ወደፊት 9 ሰዓት መግፋት ወደኋላ 15 ከማዘግየት ይቀላል። ያኔ ጠዋቱ በጥላ፣ ከ13:30 በኋላ ያለው ብርሃን ደግሞ ውጭ ይለፍ። የሲድኒ ክረምት ስለሆነ ፀሐይ 17:00 ገደማ ትጠልቃለች፤ የሚገኘው ብርሃን ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነውና በስብሰባ አይባክን።

መልሱን ጉዞ ሲያስቡ ንፋሱ ከፊት እንደሚመጣ አይዘንጉ። ከሲንጋፖር ለንደን 14 ሰዓት ያህል ነው። በዲሴምበር ከሲድኒ 15:30 ተነስቶ፣ 8 ሰዓት ከ15 በርሮ፣ ሲንጋፖር ሁለት ሰዓት ቆይቶ የሚቀጥል መንገደኛ ሂትሮው በማግሥቱ 04:45 ይደርሳል። ሰዓቶቹ 13 ሰዓት ከ15 ብቻ ያለፈ ያስመስላሉ። 11 ሲጨመር 24 ሰዓት ከ15 ነው፤ ከመሄጃው በአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይረዝማል። ሻንጣ ይዞ ለመውጣት እስከ 06:00 ስለሚቆይ ከዚያ በፊት የሚነሳ ባቡር ወይም ቀጣይ በረራ አይያዝ።